ሊኑክስ በር ላይ የተጻፉት ሁለት ፊደላት

ሊኑክስ የጫናችሁበት ላፕቶፕ ካላችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። ከርነሉ የተቀመጠበትን ፋይል ፈልጉና ባይቶቹን አንድ በአንድ በሚያሳይ ፕሮግራም ክፈቱት። ብዙ ጊዜ «ቡት» የሚል ፎልደር ውስጥ ነው ያለው። ወደ ውስጥ ዘልቃችሁ አትግቡ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ባይቶች ብቻ እዩ። ኤም እና ዜድ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት ታገኛላችሁ።

ሁለቱ ፊደላት የሰው ስም መነሻ ናቸው። ሰውየው ማርክ ዝቢኮውስኪ ይባላል። የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነበር፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለዶስ የፕሮግራም ፋይል ቅርጽ ሲነድፍ የስሙን መነሻ ፊደላት ፋይሉ ራስ ላይ አኖራቸው። እንግዲህ አስቡት። ለዓመታት የማይክሮሶፍት ባላንጣ ተደርጎ ሲቆጠር የኖረው ሊኑክስ፣ በራፉ ላይ የአንድ የማይክሮሶፍት ሰው ስም ለጥፎ ነው በየጠዋቱ የሚነሳው። ማንም ሰርጎ ገብቶ አልጻፈውም፤ የሊኑክስ ሰዎች ራሳቸው ናቸው፣ አውቀው፣ ፈልገው የጻፉት። እዚያ ለመድረስ ግን 20 ዓመት ገደማ ፈጅቷል፤ ታሪኩም በአብዛኛው የዘበኞች ታሪክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከርነሉን ኮድ ኮምፓይል ስታደርጉ የሚወጣው ፋይል በዛሬ ጊዜ ኤልፍ በሚባል ቅርጽ የተሰናዳ ነው። ፕሮግራመሮች ሄደር የሚሉት ራስጌ አለው፤ እዚያ ላይ «ይሄ ክፍል ትእዛዝ ነው፣ ያኛው ዳታ ነው፣ ይሄን ሜሞሪ ላይ እዚህ ቦታ አስቀምጡት፣ ሥራ የሚጀመረው ከዚህ ነው» የሚል ዝርዝር ሰፍሯል። ጥሩ ዝርዝር ነው። ግን አንብቦ የሚፈጽመው ማነው? ተራ ፕሮግራም ከሆነ ከርነሉ ያነብለታል። ፋይሉ ራሱ ከርነሉ ሲሆንስ? ኮምፒዩተሩ ገና መከፈቱ ነው፤ ሜሞሪው ባዶ ነው፤ ከርነሉ ዲስክ ላይ ተኝቷል። አንባቢው ያለው መነበብ ባለበት ፋይል ውስጥ ነው።

ስለዚህ በሩ ላይ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ከርነሉን ከዲስክ አንስቶ ሜሞሪ ላይ የሚያደርስና ከዚያ ገለል የሚል። ቡት ሎደር የሚባለው እሱ ነው፤ እኔ ዘበኛ እለዋለሁ። እንደ ማንኛውም ዘበኛ የራሱ ሕግ አለው፤ ወረቀቱ እሱ በሚያውቀው መልክ ካልተጻፈ ንጉሥም ቢሆን አያስገባም። ከርነል ከሚጽፉ ሰዎች ሥራ አንዱ፣ ማንም ብዙ የማያወራለት፣ ያለቀውን ፋይል ዘበኛው በሚቀበለው መልክ እንደገና መስፋት ነው።

የፒሲ የመጀመሪያው ዘበኛ ባዮስ ነበር። ባዮስ ፋይል አያውቅም፣ ፎልደር አያውቅም፣ ራስጌም አያነብም። ከዲስኩ መጀመሪያ 512 ባይት ያነሳል፤ መጨረሻዋ ላይ ያሉት ሁለት ባይቶች የታወቀውን ምልክት ከያዙ ሜሞሪ ላይ አስቀምጧት «በይ ቀጥይ» ይላታል። በቃ። 512 ባይት ምን ያህል እንደሆነች ለመገመት፣ በዩኒኮድ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይፈጃል። ስለዚህ 170 ፊደል ነው የሚገባባት። አሁን ያነበባችሁት አንቀጽ እንኳ አይገባም።

በ1991 የ21 ዓመቱ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ የራሱን ከርነል መጻፍ ሲጀምር የገጠመው ይሄ ዘበኛ ነው። የሚሠራው ሚኒክስ በሚባል የማስተማሪያ ሲስተም ላይ ነበር። የመነሻዋ ቁራጭ በሚኒክስ መሣሪያ ተዘጋጅታ ስትወጣ 32 ባይት ራስጌ አላት፤ ዋናው ከርነል በጂሲሲ ኮምፓይለር ሲወጣ ደግሞ ኤ-አውት የሚባለውን የዩኒክስ ቅርጽ ለብሶ፣ 1024 ባይት ራስጌ ይዞ ነው። ባዮስ ሁለቱንም አያነብም። ሊነስ «ቢልድ» ብሎ የሰየማት አንዲት አጭር የሲ ፕሮግራም ጻፈ። ሥራዋ መቀስ ነው። ራስጌዎቹን ትመረምራለች፣ ትክክል መሆናቸውን ካረጋገጠች በኋላ ቆርጣ ትጥላለች፣ የቀረውን አንዱን ከአንዱ ጀርባ ትሰፋለች። የሚወጣው ነገር በየትኛውም ቅርጽ ፕሮግራም አይባልም። እርቃኑን የቆመ የባይት ሰልፍ ነው፤ በቀጥታ ፍሎፒ ላይ ይገለበጣል፣ ፍሎፒዋ ማሽኑ ውስጥ ገብታ ኮምፒዩተሩ ይከፈታል።

ከርነሉን ለዘበኛ ማሰናዳት በሊኑክስ ቤት እንዲህ ልብስ በማውለቅ ተጀመረ። ማልበሱ የመጣው ቆይቶ ነው።

እርቃን መሆን ግን ዋጋ አለው። ራስጌ ከሌለ «እዚህ አስቀምጡኝ» የሚል የለም፤ ስለዚህ ቦታው ሁሉ በቁርጥ ተወሰነ። የመነሻዋ ቁራጭ ራሷን ወደ 576ኛው ኪሎባይት ታዛውራለች፤ ከርነሉን ከ64ኛው ኪሎባይት ጀምሮ ትጭነዋለች። ቀንሱት፤ መሀል የሚቀረው 512 ኪሎባይት ነው። ከርነሉ ከዚያ ከበለጠ የጫነችውን ራሷን ይደፈጥጣታል። ሊነስ ይህን ያውቃል፤ ኮዱ ላይ በተወው ማስታወሻም 512 ኪሎባይት ለወደፊቱም ቢሆን ችግር እንደማይሆን፣ ነገሩን ቀላል አድርጎ ማቆየት እንደሚፈልግ ጽፏል። አልፈርድበትም። የዚያን ጊዜው ከርነል ከዚህ ግማሹን እንኳ አይሞላም ነበር።

በሁለት ዓመት ውስጥ ግን የየሰዉ የኔትወርክ ካርድ፣ የየሰዉ ሲዲ ማጫወቻ፣ የየሰዉ የድምፅ ካርድ ድራይቨር እየተጨመረ ከርነሉ ወፈረ። መፍትሔው መጭመቅ ሆነ። አሠራሩን ሳስበው ሁሌም ፈገግ እላለሁ። ትልቁ ከርነል በጂዚፕ ይጨመቃል፤ የተጨመቀው እንደ ተራ ዳታ ተቆጥሮ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ውስጥ ይከተታል፤ ትንሿ ፕሮግራም ስትነሳ ያዘለችውን ፈትታ ሜሞሪ ላይ ትዘረጋውና ቦታዋን ትለቃለች። ኮዱ ውስጥ የታዘለው ፋይል ስም «ፒጊ» ነው፤ በእንግሊዝኛው በጀርባ ማዘል ከሚለው ቃል ጋር እየተጫወቱ ያወጡለት። ትንሿ ፕሮግራም ውስጥ 1993 ከሚል ዓመት ጋር ስማቸው ከሰፈረው አንዱ ሃኑ ሳቮላይነን ነው፤ ለሊኑክስ የድምፅ ድራይቨሮችም የሚታወቀው ፊንላንዳዊ። የሚወጣው ፋይል «ዚኢሜጅ» ተባለ። ያኔ ሊኑክስ ስታስነሱ ጥቁሩ ስክሪን ላይ መጀመሪያ የምታዩት «እየፈታሁ ነው» የሚል የእንግሊዝኛ መስመር ነበር፤ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ከዚያ «እሺ፣ ተነሳሁ»።

መጭመቅም ገደብ አለው። በ1996 የተጨመቀው ራሱ አልገባ ማለት ጀመረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም የዚህ ታሪክ ትልቁ ጉድ ያለው እዚህ ነው። በ1996 አንድ ፒሲ 16 ሜጋባይት ሜሞሪ ሊኖረው ይችላል። ታዲያ ግማሽ ሜጋባይት ውስጥ መጨናነቅ ምን የሚሉት ነው? መልሱ ፕሮሰሰሩ ሲነሳ በ1978 የወጣውን 8086 መስሎ ስለሚነሳ ነው። ያ አሮጌ ፕሮሰሰር ከአንድ ሜጋባይት በላይ አያይም፤ ከዚያም ውስጥ ለፕሮግራም የሚተርፈው 640 ኪሎባይት ነው። ለዚያ ዘመን የተጻፉ አንዳንድ ፕሮግራሞች ደግሞ አድራሻው አንድ ሜጋባይትን ሲያልፍ ተመልሶ ከዜሮ መጀመሩን እንደ ባሕርይ ለምደውት ነበር። አይቢኤም በ1984 የበለጠ ሜሞሪ የሚያይ ማሽን ሲያወጣ እነዚያ ፕሮግራሞች እንዳይሰበሩ ፈራ። ስለዚህ 21ኛው የአድራሻ መስመር ላይ መዝጊያ አደረገ። መዝጊያውን የሚከፍተው ማን ይሁን? የኪቦርዱን ቁልፎች የምትቆጣጠረው ቺፕ ላይ አንድ ትርፍ እግር ነበረች፤ እሷ ትሁን ተባለ። ከዚያ በኋላ ብዙ ፒሲ ላይ፣ አንድ ከርነል ከአንደኛው ሜጋባይት በላይ ያለውን ሜሞሪ በደንብ ለመጠቀም መጀመሪያ ኪቦርዱን ማስፈቀድ ነበረበት። ቀልድ አይደለም።

በየካቲት 1996 ሃንስ ለርመን እና ቨርነር አልመስበርገር ከርነሉ ከአንደኛው ሜጋባይት በላይ እንዲጫን የሚያደርገውን ሥራ ሠሩ። አልመስበርገር ሊሎ የተባለውን የዘመኑን ዋና ቡት ሎደር የጻፈው ሰው ነው፤ ማለትም የዘበኛው አሠሪና የእንግዳው ልብስ ሰፊ አንድ ላይ ተቀመጡ። አዲሱ ፋይል «ቢዚኢሜጅ» ተባለ። ብዙ ሰው «ቢ» ቢዚፕ ከሚባለው መጭመቂያ የመጣች ይመስለዋል፤ አይደለችም፣ «ቢግ» ማለት ናት፣ ትልቁ ዚኢሜጅ። ዛሬም የፒሲ የከርነል ፋይል ቅርጽ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

ከቦታው ይልቅ እኔ ትልቅ ነገር ነው የምለው ግን አብሮ የመጣውን ውል ነው። እስከዚያ ድረስ ከርነሉና ዘበኛው የሚግባቡት በልማድ ነበር። አሁን ከርነሉ ከመጀመሪያዋ 512 ባይት በኋላ አራት ፊደል ምልክት አስቀምጦ «ውሉን አውቃለሁ፣ የያዝኩት ይሄኛውን እትም ነው» ይላል፤ ዘበኛውም በተመደበለት ባይት ላይ «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ ይሞላል። በጽሑፍ የሰፈረ ስምምነት። የዚያ ውል ቁጥር 2.00 ነበር፤ እየተጨመረበት ዛሬም ይሠራል።

ሌላ መንገድም ነበር። በ1995 ኤሪክ ቦሊን የሚባል ሰው ኸርድ የተባለውን የግኑ ሲስተም በዩታ ዩኒቨርሲቲ ማክ ከርነል ላይ ለማስነሳት እየታገለ ሳለ መረረው። እያንዳንዱ ከርነል የራሱ አነሳስ፣ እያንዳንዱ ቡት ሎደር የራሱ ሕግ። ከብራያን ፎርድ ጋር ሆኖ መልቲቡት የተባለ አንድ የጋራ ደንብ ጻፉ። ከርነሉ በመጀመሪያዎቹ 8192 ባይት ውስጥ አንድ የተወሰነ ቁጥር ካስቀመጠ፣ ደንቡን የሚያውቅ ማንኛውም ዘበኛ ኤልፉን እንዳለ ይጭነዋል፤ መቁረጥ የለ፣ መስፋት የለ። ቁጥሩ በአሥራ ስድስት ቤት ሲጻፍ በእንግሊዝኛ «አንድ መጥፎ ቡት» ተብሎ እንዲነበብ ሆኖ የተመረጠ ነው፤ የምሬታቸው ማስታወሻ ይመስለኛል። ደንቡን እንዲፈጽም ቦሊን የጻፈው ዘበኛ ግረብ ይባላል፤ ዛሬ ኡቡንቱ ስታስነሱ የምታዩት የዚያ ልጅ ነው። ሊኑክስ ግን መልቲቡትን አልተቀበለም። በራሱ ውል ቀጠለ፣ ግረብም ለሊኑክስ ሲል የሊኑክስን ውል ተማረ። በዚህ ዓለም ደንብ የሚያሸንፈው ቆንጆ ስለሆነ አይደለም፤ ብዙ ሰው ቀድሞ ስለያዘው ነው።

በ2003 መጨረሻ 2.6 የሚባለው ከርነል ሲወጣ ከፍሎፒ በቀጥታ መነሳት ቀረ። ያቺ የመጀመሪያ 512 ባይት ሥራ ፈታች። ውሉ ስላለ ግን ከቦታዋ መነሳት አትችልም። ስለዚህ መልእክት ብቻ ተጻፈባት፤ በድሮው መንገድ ሊያስነሳት ለሚሞክር ሰው ይህ እንደማይሠራና ቡት ሎደር መጠቀም እንዳለበት ትነግረዋለች። ኮዱ ውስጥ የመልእክቱ መጠሪያ ጨዋ አይደለም፤ በእኛ «ጥፋ ከዚህ» እንደማለት ነው። ወደ 20 ዓመት ገደማ እዚያው ነበረች።

በዚህ መሀል ባዮስ ራሱ እየተሻረ ነበር። ተተኪው፣ ከኢንቴል ቤት የወጣውና በኋላ ዩኢኤፍአይ የተባለው፣ ከባዮስ የተለየ ዘበኛ ነው፤ ማንበብ ይችላል። ፋይል ያውቃል፣ ፎልደር ያውቃል፣ የፕሮግራም ራስጌ ያነብባል። ግን የሚያነበው የአንድ ቅርጽ ራስጌ ብቻ ነው፤ ፒኢ የሚባለውን፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤንቲ ያዘጋጀውን። ፒኢ ደግሞ ሁልጊዜ የሚጀምረው በዝቢኮውስኪ ፊደላት ነው። ምክንያቱ የሚያስቅ ነው። የዊንዶውስ ፕሮግራም በስህተት ዶስ ላይ ቢከፈት «ይሄ እዚህ አይሠራም» ብሎ የሚመልስ ትንሽ የዶስ ፕሮግራም ከፊቱ ይለጠፋል። ሁለቱም ቤቶች በራፋቸው ላይ ለሞተ ጎረቤት የተጻፈ መልእክት ነበራቸው ማለት ነው።

በ2012 የወጣው ሊኑክስ 3.3 ሁለቱን በር አንድ አደረጋቸው። የኢንቴሉ ማት ፍሌሚንግ የጻፈው ኮድ፣ ያቺ ሥራ የፈታች 512 ባይት ላይ የፒኢ ራስጌ አሰፈረ። ቢዚኢሜጁ ያው ነው፤ ግረብ ሲያየው የድሮው ውል አለ፣ ዩኢኤፍአይ ሲያየው ደግሞ ሕጋዊ የፒኢ ፕሮግራም ነው። አሮጌ ባዮስ እንኳ ቢያስነሳው ኤምና ዜድ ለፕሮሰሰሩ ምንም የማይጎዱ ሁለት ትእዛዞች ሆነው ይነበባሉ፤ አንዱ ከአንድ ቁጥር ላይ አንድ ይቀንሳል፣ ሌላው አንድ ቁጥር ያነሳል፤ ከዚያ «ጥፋ ከዚህ» ይመጣ ነበር። አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት ተከራይ።

64 ቢት አርም ፕሮሰሰር ላይ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ የከርነሉ የመጀመሪያ አራት ባይቶች ፕሮሰሰሩ የሚፈጽማቸው ትእዛዝ መሆን አለባቸው፣ ዩኢኤፍአይ ደግሞ እዚያው ላይ ኤምና ዜድን ይፈልጋል። የአርም ሰዎች ቁጭ ብለው ሲሰላ ፊደላቱን የሚሰጥ ትእዛዝ ፈለጉ፤ አገኙም። ትእዛዙ መጀመሪያ ላይ «የ18ኛውን ሬጅስተር ቁጥር ውሰድ፣ 22 ደምርበት፣ 13ኛው ውስጥ አስቀምጥ» ይል ነበር። የድምሩን ውጤት ማንም አይጠቀምበትም ነበር። ቁጥሩ የሚደመረው ፊደሉ እንዲወጣ ብቻ ነበር።

እስከዚህ ያለው ሁሉ የቦታና የቋንቋ ጉዳይ ነበር። ቅርጹን አውቀህ ከሰፋኸው ትገባለህ፤ ሄልሲንኪ ያለ ተማሪም ይሁን ቤቱ የተቀመጠ ማንም ሰው። በ2012 ግን ዘበኛው ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ጀመረ። ወረቀቱ በትክክል ተጽፏል፣ ግን ማህተም አለው?

ሴኪዩር ቡት ይባላል። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 8 ምልክት የሚለጠፍባቸው ፒሲዎች ይህ ተከፍቶባቸው እንዲሸጡ ጠየቀ። ዩኢኤፍአይ የሚያስነሳው በሚያውቀው ቁልፍ የተፈረመ ፕሮግራም ብቻ ነው፤ በአብዛኛው ፒሲ ላይ ያለው ቁልፍ የማይክሮሶፍት ነው። ማህተሙ የሚያርፈው ደግሞ በፒኢ ፋይሉ ላይ ነው። ሊኑክስ ለመግባባት ሲል የለበሰው ልብስ ፊርማ የሚደረግበት ወረቀት ሆኖ ተገኘ። ሬድ ሃት ይሠራ የነበረው ማቲው ጋረት በዚያው ዓመት የፌዶራን ውሳኔ ሲያስረዳ ብዙ ሰው ተቆጣ። ሺም የምትባል ትንሽ ፕሮግራም በማይክሮሶፍት ትፈረማለች፤ ክፍያው ያኔ አንድ ጊዜ 99 ዶላር ነበር፤ ሺም ደግሞ ግረብንና ከርነሉን በፌዶራ ቁልፍ ትመረምራለች። እኔ የጋረትን ውሳኔ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ፒሲ ላይ ባለቤቱ ሴኪዩር ቡትን መዝጋት ወይም የራሱን ቁልፍ ማስገባት ይችላል፤ ማይክሮሶፍት በአርም ፕሮሰሰር ላይ ባወጣው ዊንዶውስ አርቲ ግን መዝጋት የሚባል ነገር አልነበረም።

ጥያቄው ራሱ ከዚያ ይቀድማል። ቲቮ የሚባለው የቴሌቪዥን መቅጃ በሊኑክስ ይሠራ ነበር፤ ካምፓኒው የቀየረውን ኮድ ፈቃዱ እንደሚያዘው ለሕዝብ ሰጥቷል። ኮዱን ወስዳችሁ፣ አሻሽላችሁ፣ በትክክለኛው ቅርጽ ሰፍታችሁ ብትመልሱት ግን ዕቃው አያስነሳውም፤ ማህተም የለውማ። የፍሪ ሶፍትዌር ሰዎች በ2007 ባወጡት የጂፒኤል ሦስተኛ እትም ይህን ከለከሉ። ሊነስ ግን ከርነሉን በሁለተኛው እትም ላይ አቆየው፤ እሱ የሚፈልገው ኮዱ እንዲመለስለት እንጂ ዕቃው እንዲከፈትለት እንዳልሆነ ተከራከረ። ያ ክርክር ዛሬም ቤት ውስጥ ሲነሳ ድምፅ ከፍ ያደርጋል።

ውጤቱ ያለው ኪሳችን ውስጥ ነው። ቤት ያለው ራውተር ምናልባት ዩ-ቡት በሚባል ዘበኛ ይነሳ ይሆናል፤ የሱ የቆየ ወረቀት ባለ 64 ባይት ራስጌ ነው። አንድሮይድ ደግሞ የራሱን አመጣ፤ ፋይሉ የሚጀምረው አንድሮይድ በሚለው ቃልና በቃለ አጋኖ ነው፣ ስምንት ባይት፣ ከዚያ የከርነሉ መጠን፣ የሚጫንበት ቦታ፣ ወዘተ። ቅርጹ የተደበቀ አይደለም፤ ማንም ሰው ፋይሉን ፈትቶ እንደገና ሊሰፋው ይችላል። ስልኩ ይቀበለዋል ወይ የሚለው ግን የተለየ ነገር ነው። ቡት ሎደሩ ከተቆለፈ የአምራቹን ማህተም ያያል።

አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የሞባይል ጥገና ሱቅ፣ ስልኬ አርማው ላይ ቀርቶብኝ፣ ባንኮኒው አጠገብ ቆሜ ነበር። «ፍላሽ ይደረጋል» አለኝ ልጁ። ከእኔ በፊት አንዲት ልጅ ከውጭ የተላከላትን፣ አምራቹ ማሻሻያ መላክ ያቆመበትን ስልክ ይዛ መጥታለች፤ አዲስ ሲስተም እንዲጭንላት ነው። ልጁ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ቡት ሎደሩን ለመክፈት የሚፈቅደውን ማብሪያ ፈለገ። በአንዳንድ ስልክ ላይ ማብሪያው ደብዝዞ ይታያል፣ ብትነኩትም አይንቀሳቀስም። የሷ ግን በራ። ከፈተው ማለት ዘበኛው ማህተም ማየት ይተዋል፤ በምላሹ ስልኩ በተነሳ ቁጥር የማስጠንቀቂያ ስክሪን ያሳያል፣ በመክፈቻው ሰዓትም ውስጡ ያለውን ሁሉ ይጠርገዋል።

ልጁ ኬብሉን እንደያዘ ቀና ብሎ «እህቴ፣ ፎቶዎችሽን ሌላ ቦታ አስቀምጠሻል?» አላት። ትንሽ አሰበችና ስልኩን መልሳ ከእጁ ወሰደችው።